ሞገዱ ስንት ነው? በሰሜን ባሕር ፕላትፎርም ላይ ሞገድን በራዳር እንዴት እንደምንለካ

«ሞገዱ ስንት ነው?»

ይህን በሬዲዮ የሚጠይቀኝ ብዙ ጊዜ የክሬን ኦፕሬተሩ ነው። ከታች ዕቃ ጫኝ መርከብ ቆማለች። መርከቧ ላይ ሁለት ሰዎች መንጠቆውን ለመቀበል ይጠብቃሉ። ባሕሩ መርከቧን አንስቶ ሲጥላት ኮንቴይነሩ ከአጠገባቸው ይወዛወዛል። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቁጥር ነው። «2 ነጥብ 8» እላለሁ። በዚያ ቁጥር ሥራው ይቀጥላል ወይም ይቆማል።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። አሁን የምኖረው ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ነው። ፕላትፎርም ላይ፣ ማለትም ባሕር መካከል በቆመ የነዳጅ ማውጫ ላይ፣ የኢንስትሩመንት (የመለኪያ መሣሪያዎች) ቴክኒሺያን ነኝ። ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ አራት ሳምንት ቤት፤ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር አቡ ዳቢ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። እሱም ፕላትፎርም ላይ ሥራ ጀምሯል። «ወንድም ጋሼ፣ የሞገድ ራዳር ተረከብ አሉኝ። ከየት ልጀምር?» አለኝ። ለእሱ በስልክ የነገርኩትን ሰፋ አድርጌ እዚህ አስቀምጣለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወይም ልትገቡ ያሰባችሁ ሁሉ ትጠቀሙበት።

ራዳሩ የሚያውቀው ርቀትን ብቻ ነው

በአንድ ነገር እንስማማ። በአማርኛ የባሕሩም የራዳሩም «ሞገድ» ነው። እንዳይደባለቅ እዚህ ሞገድ ስል የባሕሩን ነው። ራዳሩ የሚልከውን ጨረር እለዋለሁ።

ቀላሉ ዓይነት ራዳር ከፕላትፎርሙ ጠርዝ ላይ ወደ ታች ተደፍቶ ይሰቀላል። ጨረር ይልካል፤ ውሃው ይመልስለታል። ከራሱ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይነግረናል። ሌላ ምንም አያውቅም። ከታቹ ያለው ሞገድ ይሁን፣ የመርከብ ጣራ ይሁን፣ ከቱቦ የሚፈስ ውሃ ይሁን አይለይም። እሱን መለየት የእኛ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመጣ ነው።

ርቀቱን እንዴት ያገኘዋል? ራዳሩ ከውሃው 25 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቀለ እንበል። ጨረሩ ደርሶ ሲመለስ 50 ሜትር ይጓዛል። ይህ 167 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንድ ሴንቲሜትር ለመለየት ደግሞ ከአንድ ናኖሰከንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል። ጊዜውን በቀጥታ ቆጥሮ ይህን ያህል ማጥራት ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ራዳሮች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ።

መሰንቆ ተጫዋች ጣቱን እያንሸራተተ ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲወስደው አስቡ። ፊት ለፊቱ ገደል አለ። የገደል ማሚቶው የሚመልስለት ትንሽ ቀደም ብሎ የተጫወተውን ነው። ስለዚህ አሁን ከሚጫወተው ድምፅ ይልቅ ወፈር ይላል። ገደሉ በራቀ ቁጥር በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ያን ልዩነት የለካ ሰው የገደሉን ርቀት ያውቃል። ራዳሩም ይህንኑ ያደርጋል። በ10 ጊጋኸርዝ አካባቢ ድግግሞሹን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ ይልካል፤ የተመለሰውን አሁን ከሚልከው ጋር ያነጻጽራል። ሰሜን ባሕር ላይ ደጋግማችሁ የምታገኙት ሬክስ የተባለው ራዳር ሲጀመር የተሠራው በታንክ ውስጥ ያለን ፈሳሽ ከፍታ ለመለካት ነው። ታንኩን ባሕር አድርጉት፤ ሥራው ያው ነው።

በሌዘርም መለካት ይቻላል። በዓለም እጅግ የታወቀው የሞገድ መዝገብ በሌዘር የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በኖርዌይ በኩል ባለው የድራውፕነር ፕላትፎርም ላይ ወደ ታች የተደፋ ሌዘር 25.6 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ሞገድ መዘገበ። የሞገዱ አናት ብቻ ከአማካዩ የውሃ ወለል 18.5 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ሰዓት የነበረው ባሕር 12 ሜትር ያህል ጉልህ ከፍታ ነበረው። ጉልህ ከፍታ ምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት መርከበኞች ከባሕሩ ሁሉ የሚበልጥ ድንገተኛ ሞገድ አየን ሲሉ ሰሚ አያገኙም ነበር። ቁጥሩን አምነን የምንቀበለው መሣሪያው ስለተናገረ ብቻ አይደለም። በታችኛው ወለል ላይ የነበሩ ዕቃዎች ተጎድተው ተገኝተዋል። መሣሪያው ያለውን ብረቱ መሰከረለት።

ሌዘር ጭጋግና የሞገድ ርጭት ያስቸግሩታል። የራዳር ጨረር እነዚህን በተሻለ ይሻገራቸዋል። አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ራዳሩን ነው የምመርጠው።

የት ይሰቀል?

ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል። ቦታው ከተበላሸ በኋላ የሚጻፍ ሶፍትዌር ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

ጨረሩ እንደ ባትሪ መብራት ነው፤ በራቀ ቁጥር ይሰፋል። ስፋቱ 10 ዲግሪ የሆነ ጨረር ከ20 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ውሃው ላይ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሠራል። ከ25 ሜትር ሲሆን ክቡ ወደ 4.4 ሜትር ይሰፋል። በዚያ ክብ ውስጥም ሆነ ከላይ እስከ ታች ባለው መንገድ ብረት መግባት የለበትም። መሰላል፣ ቱቦ፣ የተንጠለጠለ ኬብል፣ ጥላ ያለው ነገር ሁሉ ይወገድ። ስትሰቅሉ ክቡን በወረቀት ላይ ሥሉት። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ሥዕሉ ላይ ያልነበረ ነገር ሁልጊዜ ይገኛል።

ሁለተኛው የፕላትፎርሙ እግር ነው። ሞገድ እግሩን ሲመታ ወደ ላይ ይዘላል፤ ከጀርባው ደግሞ ይረበሻል። እንደ ድራውፕነር ባሉት ቀጫጭን የብረት እግሮች ላይ ችግሩ ትንሽ ነው። ወፍራም የኮንክሪት ምሰሶ ላይ የቆሙት ግን ሞገዱን ራሱን ይቀይሩታል፤ አጠገባቸው የለካችሁት ባሕሩን ሳይሆን ባሕሩና ምሰሶው የተጣሉበትን ቦታ ነው። ከእግሩ የቻላችሁትን ያህል ራቁ። ሞገዱ ወደሚመጣበት ጎን ሂዱ። እኛ ዘንድ ከባዱ ባሕር የሚመጣው ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነው፤ የእናንተን ከአካባቢው የነፋስ መዝገብ ፈልጉ። ራዳሩን ከጠርዙ ወጣ የሚያደርግ የብረት ክንድ ማሠራት ውድ ቢመስልም እኔ ሁልጊዜ እከራከርለታለሁ። ክንዱ ግን መወዛወዝ የለበትም። ክንዱ ከተወዛወዘ ውዝዋዜውም ሞገድ መስሎ ይመዘገባል።

ሦስተኛው ከላይ የሚወርደው ነው። ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ፕላትፎርም ላይ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ሞገዱ ድንገት ይጨምር ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይተዋል። ሁለት ወር ያህል ማንም ልብ አላለውም፤ ሰሜን ባሕር ነውና ሞገድ መጨመሩ ማንን ይገርማል? በኋላ በሌላኛው ጎን ካለው ራዳር ጋር ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀመጥን። ሁለተኛው ራዳር ምንም አላየም። ለካ በየሳምንቱ የእሳት ማጥፊያ ፓምፑ ሲፈተሽ ውሃው የሚፈሰው በጨረሩ በኩል ነበር። ራዳሩ የሚያየው ፏፏቴውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመስቀሌ በፊት የፕላትፎርሙን የውሃ ማስወገጃ ሥዕል እጠይቃለሁ። የማቀዝቀዣ ውሃ የት ይፈሳል? የእሳት ፓምፕ የት ይደፋል? ክሬኑ ዕቃ ሲያወርድ በየት ያልፋል? ጫኝ መርከብ በየትኛው ጎን ትቆማለች? አራቱንም ሳትመልሱ ቦልት አታጥብቁ።

ከተቻለ ሁለት ራዳር በሁለት ጎን ይኑር። አንዱ ሲሳሳት የሚከሰው ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ከጠርዝ ውጭ ያለ ሥራ የራሱ የሥራ ፈቃድ አለው። ማሰሪያ ቀበቶው፣ የሕይወት ጃኬቱ፣ ሬዲዮው የታወቀ ነው። ከታች ነፍስ አድን ጀልባ በተጠንቀቅ መሆኗን ከኮንትሮል ሩም በጆሮዬ ሳልሰማ አልወጣም። መፍቻው ሁሉ በገመድ ይታሰራል። ጋዝ ሊኖር በሚችልበት ቦታ የሚሰቀል መሣሪያ ለዚያ ቦታ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ መሣሪያው ላይ የተለጠፈውን ምልክት ከቦታው ምድብ ጋር አመሳክሩ። የኬብሉን መግቢያ በደንብ አጥብቁ። የጨው ውሃ የሚገባው ማንም ቸኩሎ በተወው በዚያች ቀዳዳ ነው።

ዜሮው የት ነው?

ራዳሩ «23.40 ሜትር» ቢላችሁ ከየት ተነስቶ ነው? ከፍላንጁ (በቦልት ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት)? ከአንቴናው ጫፍ? የየአምራቹ የተለያየ ነው። መመሪያውን ክፈቱና ዜሮው የት እንደሆነ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ያ ነጥብ ከፕላትፎርሙ የታወቀ የከፍታ ምልክት ስንት እንደሚርቅ በሜትር ለኩ። በወረቀት ጻፉት፤ ፎቶ አንሱት። ሰው ይቀያየራል፤ ወረቀቱ ይቀራል።

ለመፈተሽ እንዲህ አደርጋለሁ። ከመሰቀሉ በፊት ወርክሾፕ ውስጥ ራዳሩን ወደ አንድ ትልቅ ብረት ሳህን አዞረዋለሁ። ሳህኑን 5፣ 10፣ 15 ሜትር ላይ እያቆምኩ በእጅ ሌዘር ሜትር እለካለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ መገናኘት አለባቸው። ልዩነቱ በሁሉም ርቀት አንድ ዓይነት ከሆነ ዜሮው ነው የተዛባው፤ ማስተካከል ቀላል ነው። ከርቀቱ ጋር እየጨመረ ከሄደ ግን መሣሪያው ራሱ ታሟል። እሱን አትስቀሉት።

ዜሮውን ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ኤኮፊስክ የሚባል የነዳጅ ቦታ አለ፤ በኖርዌይ ሰሜን ባሕር እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘ ነው። ነዳጁ ሲወጣ ከሥር ያለው ዐለት ተጨመቀ። የባሕሩ ወለል መስመጥ ጀመረ፤ ፕላትፎርሞቹም አብረው ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ1987 እግሮቹን ቆርጠው ፕላትፎርሞቹን 6 ሜትር ከፍ አደረጓቸው። ብረቱን ይህን ያህል ያስነሣቸው በሞገዱ አናትና በታችኛው ወለል መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ መጥበቡ ነው። ያ ቦታ ካለቀ ሞገዱ ወለሉን ከሥር ይመታዋል። ተንሳፋፊዎቹም ላይ ያው ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2015 ኮስል ኢኖቬተር የተባለችውን ተንሳፋፊ መቆፈሪያ አንድ ትልቅ ሞገድ መትቷት የመኝታ ክፍሎቹን መስኮቶች ሰበረ። አንድ ሰው ሞተ፤ ሌሎችም ተጎዱ። ይህን ባዶ ቦታ በየሰከንዱ የሚለካው ወደ ታች የተደፋው ራዳር ነው። የዜሮ ስህተት የ20 ሴንቲሜትር ስህተት ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ምልክቱን መገልበጥ አትርሱ

ይህ ትንሽ ነው፤ ግን ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲሳሳቱት አይቻለሁ። ሞገዱ ከፍ ሲል ርቀቱ ያጥራል። ስለዚህ የውሃውን ከፍታ ለማግኘት ከራዳሩ ከፍታ ላይ ርቀቱን ትቀንሳላችሁ። ይህን የረሳ ሰው ባሕሩን ገልብጦ ያነባል። አናቱ ጎድጓዳ፣ ጎድጓዳው አናት ይሆናል።

የሚገርመው፣ ተገልብጦም የሞገዱ ጠቅላላ ከፍታ አይቀየርም። ስለዚህ ስህተቱ ለወራት ሊደበቅ ይችላል። የሚያጋልጠው ቅርጹ ነው። እውነተኛ ሞገድ አናቱ ሹል፣ ጎድጓዳው ሰፊና ረጋ ያለ ነው፤ ባሕሩ ሲከብድ ይህ ይጎላል። የአሥር ደቂቃ መስመር አውጥታችሁ ተመልከቱ። ሹሉ ወደ ታች ከሆነ ገልብጣችኋል።

ቁጥሩ እንዴት ይወጣል?

በሰከንድ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መዝግቡ። በሰከንድ አንዴ ብቻ ብትመዘግቡ የአጭር ሞገድ አናት በሁለት ንባብ መካከል ያመልጣችኋል። በሰከንድ ሁለቴ ሲሆን በ20 ደቂቃ 2400 ንባብ ይኖራችኋል። ሞገዶቹ በአማካይ በየ7 ሰከንዱ ቢመጡ 170 ያህል ሞገድ ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ቁጥሩ ይዘልላል። በጣም ካስረዘማችሁት ደግሞ ባሕሩ ራሱ በመሃል ይቀየራል።

ከ2400ዎቹ አማካዩን ቀንሱ። ባሕሩ በጨረቃ ጉተታ ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እሱም አብሮ ይውጣ። የቀረውን ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ንባቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን ቁጥር) አስሉ፤ በ4 አባዙት። ያ ነው ጉልህ የሞገድ ከፍታ። ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 0.75 ሜትር ከሆነ ጉልህ ከፍታው 3 ሜትር ነው። በድሮው አቆጣጠር ሞገዶቹን በቁመታቸው ደርድረው የትልልቆቹን አንድ ሦስተኛ አማካይ ይወስዱ ነበር። ሁለቱ ይቀራረባሉ። ልምድ ያለው መርከበኛ በዓይኑ «3 ሜትር ነው» ሲልም ወደዚሁ ይጠጋል።

ለክሬን ኦፕሬተሩ ግን አንድ ነገር ማስረዳት ግዴታዬ ነው። 3 ሜትር ስል ትልቁ ሞገድ 3 ሜትር ነው ማለቴ አይደለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ሺህ ያህል ሞገድ ያልፋል። ከእነዚያ መካከል ትልቁ ከጉልህ ከፍታው 1.86 እጥፍ ያህል ሊሆን ይጠበቃል፤ 5.6 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከሁለት እጥፍ ያለፈውን ድንገተኛ ግዙፍ ሞገድ እንለዋለን። የድራውፕነሩ 2.15 እጥፍ ያህል ነበር።

ከፍታው ብቻ አይበቃም፤ በሁለት አናቶች መካከል ያለውን ሰከንድም ጻፉ። በጥልቅ ውሃ የሞገዱ ርዝመት ሰከንዱ በራሱ ተባዝቶ፣ በ1.56 ሲባዛ የሚወጣው ሜትር ነው። በ8 ሰከንድ የሚመጣ ሞገድ 100 ሜትር ይረዝማል። በ12 ሰከንድ የሚመጣው 225 ሜትር። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የሚመጣው ሞገድ አጭርና ጠንካራ ነው፤ ታንኳውን እያከታተለ ይመታዋል። ነፋሱ የሚጋልብበት ሜዳ ጥቂት አሥር ኪሎሜትር ብቻ ነውና ሞገዱ አያድግም። እዚህ ግን ከአትላንቲክ ተነስቶ ብዙ መቶ ኪሎሜትር የተጓዘ ረጅም ሞገድ ይደርሰናል። አንዳንድ ቀን ነፋስ የለም፤ ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። መርከቧ ግን በዝግታ ትነሳለች፣ በዝግታ ትወርዳለች። ሁለቱም ባሕር 2 ሜትር ሊሆን ይችላል። ለመንጠቆው ሥራ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

መረጃውን ማጽዳት

ከማስላታችሁ በፊት መስመሩን እዩት። በአንድ ንባብ ብቻ 4 ሜትር ዘሎ የሚመለስ ካለ ርጭት ነው፤ ወይም ሲጋል ወፍ በጨረሩ ውስጥ አልፏል። አውጡትና ክፍተቱን በአጠገቡ ባሉት ሙሉት። ለብዙ ሰከንድ ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ መሣሪያው የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ቆሟል። ባሕር ቀጥ አይልም። ድንገት 8 ሜትር ከፍ ብሎ እዚያው የሚቆይ ከሆነ መርከብ ከሥሩ ገብታለች።

ስታጸዱ ግን እጃችሁ ይቆጠብ። ሶፍትዌሩ ከሁለት እጥፍ ያለፈውን ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ እንዲጥል ከተስተካከለ የድራውፕነርን ሞገድም ይጥለዋል። እኔ የማወጣው ውሃ ሊሠራው የማይችለውን ነው፤ ትልቅ የሆነውን አይደለም። እውነተኛ ሞገድ ምንም ቢገዝፍ ሲወጣም ሲወርድም በብዙ ንባቦች ውስጥ ነው። ጥሬው መረጃ ደግሞ ፈጽሞ አይጠፋም። የጸዳው በሌላ ፋይል ይቀመጥ።

ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ይሁን። እኔ ከእናቴ ጋር ስልክ ሳወራ እሷ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው» ትለኛለች። መዝገቤ ላይ 06:00 ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት በክረምት 07:00፣ በበጋ 08:00 ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ማዕበል መጥቶ የሁለት ፕላትፎርም መዝገብ ሲነጻጸር ግን አንድ ሰዓት ብቻ መኖር አለበት።

ከየት ነው የሚመጣው?

ወደ ታች የተደፋው ራዳር አቅጣጫ አያውቅም። ለአቅጣጫ እንደ መርከብ ራዳር የሚሽከረከረውን አንቴና እንጠቀማለን። ድግግሞሹ 9.4 ጊጋኸርዝ ገደማ፣ የጨረሩ ርዝመት 3 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ይህ ጨረር በጣም ጋደም ብሎ ይሄዳል። መልሶ የሚልከው ትልቁ ሞገድ ሳይሆን በላዩ ያለው ግማሽ የጨረር ርዝመት፣ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል የሚሆን የውሃ ሽብሽብ ነው። ሽብሽቡን የሚፈጥረው ነፋስ ነው። ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ካልደረሰ ራዳሩ ዕውር ይሆናል። ዝናብም ይሸፍነዋል።

ካፒቴኖች ይህን ከባሕር የሚመለስ ጭረት ረብሻ ነው ብለው በቁልፍ ያጠፉታል፤ መርከብ ማየት ስለሚፈልጉ። እኛ የምንፈልገው ግን ያንኑ ነው። ስለዚህ ከመርከብ ራዳር ላይ ምልክት የምትወስዱ ከሆነ ማጣሪያው ከመንካቱ በፊት ያለውን ጥሬ ምልክት ውሰዱ። አጭሩን ምት (ራዳሩ በአንድ ጊዜ የሚልከውን አጭር ጨረር) ምረጡ።

አንቴናው በደቂቃ 40 ጊዜ ቢዞር በየ1.5 ሰከንዱ አንድ ሥዕል ይገኛል። 64 ሥዕል በአንድ ደቂቃ ከግማሽ ይሰበሰባል። ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹን ደርድሮ የትኛው ርዝመት በየትኛው ፍጥነት ወዴት እንደሄደ ይፈልጋል። ሞገድ በርዝመቱ ልክ የታወቀ ፍጥነት አለው፤ ከዚያ ፍጥነት ከፈጠነ ወይም ከዘገየ የገፋው ወይም የያዘው የውሃ ጅረት ነው። በዚህም የጅረቱ ፍጥነት አብሮ ይገኛል። ይህን መጀመሪያ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። አሁንም ያስደንቀኛል።

ድክመቱ ከፍታ ላይ ነው። የተለመደው ዓይነት ከፍታን የሚገምተው ከምልክቱ ጥንካሬ ነውና ሌላ መለኪያ አጠገቡ ቆሞ ማስተካከያ ቁጥሩን ሊሰጠው ይገባል። ወደ ታች የተደፋው ራዳር ወይም ተንሳፋፊ ቡይ ለዚህ ይሆናል። በፀጥታ ቀንም በማዕበል ቀንም አነጻጽሩ፤ በአንድ ሳምንት ጥሩ አየር ብቻ የተስተካከለ ራዳር ማዕበሉ ሲመጣ ያሳስታችኋል።

ስለ ሰሜን አንድ ቃል። ብዙ ፕላትፎርም ላይ «የፕላትፎርም ሰሜን» የሚባል አለ። ለሥዕል እንዲመች የተመረጠ ነው፤ ከእውነተኛው ሰሜን በብዙ ዲግሪ ሊለይ ይችላል። ራዳሩን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር አስተካክሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በካርታ ላይ ቦታው የታወቀ ጎረቤት ፕላትፎርም ፈልጉ፣ ስክሪኑ ላይ በትክክለኛው ዲግሪ መታየቱን እዩ። ሞገድና ነፋስ የሚጻፉት በመጡበት አቅጣጫ ነው። ጅረት ግን በሚሄድበት። ይህን ያቀላቀለ ዘገባ አይቼ አውቃለሁ፤ አንባቢው ሊያውቅበት የሚችል ምንም መንገድ አልነበረውም።

ወደ አንቴናው ከመጠጋታችሁ በፊት ኃይሉን አጥፉና ቆልፉት፤ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ወደ ታች ከተደፋው በተለየ የዚህኛው ምት ጠንካራ ነው፤ ክንዱም ሰው ይመታል።

በየቀኑ

ሥራ ስጀምር ያሠለጠነኝ አንድ የበርገን ሰው ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በየማለዳው ስክሪኑን ከማየቱ በፊት ቡናውን ይዞ ወደ ጠርዙ ይወጣል። ባሕሩን ጥቂት ደቂቃ ያያል። «ሁለት ተኩል» ይላል። ከዚያ ገብቶ ስክሪኑን ያያል። መጀመሪያ ላይ ልማድ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እሱ «አራት» ብሎ ሲገባ ስክሪኑ 1.9 ይላል። ስክሪኑን አላመነም። የሥራ ፈቃድ አወጣንና አየን፤ የራዳሩ መስኮት በጨውና በወፍ ኩስ ተለብጦ ነበር። በንጹሕ ውሃ አጠብነው። ቁጥሩ ተመለሰ። አሁን እኔም እንደ እሱ ነኝ። ለአክስቴ ልጅም መጀመሪያ የነገርኩት ይህን ነው፤ «ስክሪኑን ሳታይ ወጥተህ ባሕሩን እይ፤ ግምትህን ጻፍ፤ ከዚያ ግባ።»

ማታ 18:50 ላይ ለተረካቢዬ ማስታወሻ እጽፋለሁ። የትናንቱ እንዲህ ይል ነበር፦

«ሴንሰር 1፣ 2.6 ሜትር። ሴንሰር 2፣ 2.7። በዓይን 2.5። ከሰሜን ምዕራብ፣ 9 ሰከንድ። የሴንሰር 1 መስኮት ዛሬ ታጥቧል። ነገ ከ09:00 እስከ 09:30 የእሳት ፓምፕ ፍተሻ አለ። በዚያ ሰዓት ለክሬኑ ከሴንሰር 2 ቁጥር አትስጥ።»